ስንት ይበቃዋል?

መስከረም 28

ጩጬ፣

ሰላምታውን ለእማዬ ትቼዋለሁ፤ እሷ በስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትስምህ ስለዋለች ለእኔ የሚተርፍ ጉንጭ የለህም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት ጎልማሳ «ጥርስህን ታጥባለህ ወይ» ተብሎ ሲጠየቅ በጆሮዬ ሰማሁ። የመለስክላትንም ሰምቻለሁ።

«ስልኩን ለምን አንቺ አታነሺውም» ላልከው፣ የእኔን ሥራ ላይ ሆኜ አላነሳውም፤ የቤቱ ስልክ ደግሞ ያለው እሷ ትራስ ሥር ነው። ብትሰጠኝም የማወራው አልጋዋ አጠገብ ቆሜ ነው። ሐኪሙ ያለውን እሷ እየሰማች እንዴት አድርጌ ልንገርህ? ስለዚህ እንዲህ በኢሜይል እንጻጻፍ። እኔ ጊዜ ሳገኝ እጽፋለሁ፣ አንተም ስታገኝ መልስ።

ሐኪሙ ያለው እንግዲህ ይህን ነው። ወድቃ የተሰበረው የዳሌዋ አጥንት ተያይዟል፣ ግን እንደሚገባው አይደለም። ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ደግሞ ልቧ አይችለውም። መቼ ትቆማለች ብዬ ስጠይቀው «እናያለን» አለኝ። ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ ያረጀሁ ሴት ነኝ፣ ሐኪም «እናያለን» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አላጣውም። ለእሷ ግን «ሁለት ወር» ብያታለሁ። ስትጠይቅህ አንተም ሁለት ወር በል።

አልጋዋን ሳሎን አውጥተነዋል። መኝታ ቤት ስትሆን ትነጫነጭ ነበር። አሁን በመስኮቱ ከሦስተኛ ፎቅ ቁልቁል ማን ገባ ማን ወጣ ስትቆጣጠር ትውላለች፤ ሰፈሩ ከእንግዲህ ዘበኛ መቅጠር አያስፈልገውም። ሊፍቱ አሁንም እንደሞተ ነው።

ያስቀጠርካት ሴትዮ ሄዳለች። ጥፋቷ እማዬን ማገላበጧ ነው፤ የተቀጠረችውም ለዚያው ነበር። እማዬ «ልጅ ወልጄ በባዳ እጅ አልገላበጥም» አለች፣ ሴትዮዋም ኩርፊያ ሳታበዛ ሻንጣዋን አነሳች። ሌላ ሰው አትፈልግ፣ እኔ እይዛታለሁ። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት አጥቤ አገላብጣታለሁ፣ ለምሳ ተመልሼ እመጣለሁ፣ ማታም ያው ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። እማዬ «ልጄ እዚያ አገር ምንድን ነው የሚሠራው» እያለች ታሰለቸኛለች። «ኮምፒውተር» ስላት «እሱማ የዕቃው ስም ነው» አለችኝ። እስቲ ለእሷ የሚገባ አድርገህ ጻፍልኝና ላንብብላት።

ስለ እኔ አታስብ።

እትዬ


ጥቅምት 9

እትዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። «ነገ እጽፋለሁ» ስል ነገ ከእኔ ቀድሞ እያለፈ ነው።

ለእማዬ እንዲህ በያት። በየፋብሪካው አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉ፤ ምድጃ የሚያዝዙ፣ ሚዛን የሚያዝዙ፣ ፓምፕ የሚያዝዙ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሠርተው አርጅተዋል፣ መለዋወጫቸውም ከገበያ ጠፍቷል። እኛ መሥሪያ ቤት የሚሠራው ፕሮግራም አሮጌውን ማሽን አዲስ ኮምፒውተር ውስጥ አስመስሎ ያኖረዋል። ብረቱ ይጣላል፣ ጠባዩ ግን ይቀጥላል። አሮጌው ማሽን ቤት መቀየሩን እንኳ አያውቅም።

የእኔ ድርሻ ከዚህ ውስጥ ትንሽ ናት። ማሽን ሲበራ ከሁሉም ቀድሞ የሚነቃ ፈርምዌር የሚባል ፕሮግራም አለ። እሱ ነቅቶ ሌሎቹን ይቀሰቅሳል። ለመንቃት ሜሞሪ ይፈልጋል፣ የሚንቀሳቀስበት ስፍራ በይው። አንዱ ሠላሳ ሁለት ሜጋባይት ይበቃዋል፣ ሌላው ያንን አምስት እጥፍ ይፈልጋል። ደንበኞቻችን ግን ሲቆጥቡ የመጣላቸውን ይሰጡታል። ሲያንሰው ምን ይሆናል? ምንም። ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ በቃ። «አነሰኝ» አይልም። ስክሪኑን የሚያበራው ራሱ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ሲወድቅ መናገሪያ አፍ የለውም። ደንበኛው ግን አፍ ስላለው ደውሎ ይሰድበናል።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ከውጭ ያለው ነው፣ የእኛው ፕሮግራም። ከማስነሳቱ በፊት አይቶ «ይህ አይበቃውም፣ ይህን ያህል ስጠው» ማለት አለበት። ችግሩ ስንት እንደሚበቃ የሚያውቅ ሰው የለም። ፈርምዌሮቹን የጻፉት ሰዎች ግማሾቹ ጡረታ ወጥተዋል፣ ግማሾቹ አርፈዋል፣ በጽሑፍ የተዉትም የለም። እኔ እያበራሁ፣ እየቀነስኩ፣ እያጠፋሁ፣ እንደገና እያበራሁ እውላለሁ። ጥቁር ስክሪን ሳይ ከመዋሌ ብዛት ዓይኔን ስጨፍን ለውጡ አይታወቀኝም።

የኅዳሩ ፈቃድ ወደ ታኅሣሥ ተገፍቷል። አለቃዬ «ይህ ሳያልቅ የትም አትሄድም» አለኝ። አፌን ሞልቼ እመጣለሁ ብዬ ስለነበር አፍሬያለሁ።

እማዬ ትበላለች? ሌሊቱን ትተኛለች? ክብደቷን ላኪልኝ፣ ዊልቸር ላዝዝላት ነው።

ጩጬ (አለቃዬ ይህን ስም ቢሰማ ደመወዜን በግማሽ ይቀንሰዋል)


ጥቅምት 24

ጩጬ፣

አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማችና «ምስኪን ማሽን፣ ሞቶም አላረፈም በይኛ» አለች። ከዚያ ወዲህ ለመጣ ጠያቂ ሁሉ «ልጄ የሞቱ ማሽኖች ያስነሳል» እያለች ትናገራለች። ሰዉ ምን እንደሚያስብህ አላውቅም።

ፈቃዱ ስለተገፋ «አፍሬያለሁ» ላልከው፣ ምን ብዬ ቅር ይለኛል። ሥራ ሥራ ነው። ስለ ክብደቷ ግን ምን ልበልህ፣ ሚዛን ላይ ለመቆም መጀመሪያ መቆም አለባት። በእኔ ወገብ ሚዛን ከብዳለች። ወፍራም የሚለውን እዘዝ፣ እንዳትሰማ ብቻ።

ትበላለች። ስትበላ ጨው አነሰው ትላለች፣ ጨው ስጨምር ልትገይኝ ነው ትላለች። ሌሊት ትነቃለች፣ ቀን ስለምታንቀላፋ ነው። ስትነቃ ብቻዋን መንቃት አትወድም፣ ታውቃታለህ።

ፋርማሲው እንደነበረ ነው። ሰሞኑን አንድ የሚያስቅ ነገር ገጠመኝ። የሳል ማዘዣ ይዞ ለመጣ ሰውዬ የአንዲት አሮጊት የልብ መድኃኒት አሽጌ፣ «ከምግብ በኋላ» ብዬ፣ ፈገግ ብዬ ሸኘሁት። በሩ ላይ ሲደርስ አሮጊቷ «የኔስ?» አሉኝ። ጮኼ ጠራሁት። ሰውዬው ደንግጦ የሰረቀ መስሎት እጁን ወደ ላይ አነሳ። የፋርማሲው ባለቤት ሲስቅ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ከባንኮኒው ጀርባ ወንበር አስቀምጠውልኛል፣ ወረፋው ግን መቼ ያስቀምጣል።

አንተ ከጥቁሩ ስክሪን ጋር እንዴት ሆንክ? አለቀ?

እትዬ


ኅዳር 8

እትዬ፣

አዎ፣ አለቀ። ደስ ብሎኛል፤ ደስታውን የሚሸከም ጉልበት ነው ያጣሁት። ለእያንዳንዱ ፈርምዌር የሚነቃበትን ትንሹን መጠን አግኝቻለሁ። ከዚያ ካነሰ ፕሮግራማችን «አላስነሳም» ብሎ ምክንያቱን ይናገራል።

ለአለቃዬ ሳሳየው «መከልከሉን ተወው፣ ማስጠንቀቂያ ይበቃል። ደንበኛ እምቢ ሲባል አይወድም» አለኝ።

«ማስጠንቀቂያ የሚያነብ ሰው የለም» አልኩት።

«ካላነበበ የራሱ ጥፋት ነዋ።»

ከምሳ በፊት ጀምረን ከምሳ በኋላም ተከራከርን። መጨረሻ ላይ አሸነፍኩ። አሸነፍኩ ስልሽ፣ ደክሞት ተወኝ። የመጀመሪያው ደንበኛ አንድ የዳቦ ፋብሪካ ነው፤ የምድጃዎቹን አሮጌ ኮምፒውተር ወደ አዲሱ አዛውረንለታል። እስካሁን ስድብ አልመጣም።

ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ እመጣለሁ። ትኬቱን ገና አልቆረጥኩም፣ አንቺ ግን እንደቆረጥኩት ቁጠሪው። ዊልቸሩም መንገድ ላይ ነው። ለእማዬ ፀሐይ እንድታሞቂያት ብዬ ጥሩውን ነው የመረጥኩላት።

የሳሉን ሰውዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ነግሬያቸው በሳቅ ሞቱ። እጁን ወደ ላይ ማንሳቱ!

ለእማዬ እግር የታዘዘው ቅባት ሠራላት?

ጩጬ


ኅዳር 21

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ያጠፋሁት ብዙ ጊዜ ነው። እንግዲህ እንደመጣልኝ ልናገረው። ታኅሣሥ አልመጣም። ጥር ይሆናል፣ ያውም ጥር ከሆነ።

የዳቦ ፋብሪካው ነው። የሰጠሁት ቁጥር በቂ መስሎኝ ነበር። ማሽኑ በየጠዋቱ ይነሳል፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። ሁሉም ምድጃዎች አንድ ላይ ሲጋጋሉና ከየአቅጣጫው ሲጠሩት ግን ቀጥ ብሎ ይወድቃል። ያን ቀን ያቦኩት ሊጥ በሙሉ ተደፋ። ማስጠንቀቂያ አልነበረም፤ የእኔ ፍተሻ «ይበቃዋል» ብሎ አሳልፎታል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የፈተንኩት መንቃቱን ብቻ ነው። ነቃ? ነቃ። ቀጥል። ከነቃ በኋላ ምን እንደሚሸከም፣ ሥራ ሲደራረብበት ስፍራው ይበቃው እንደሆነ አላየሁም። አለቃዬ አልተቆጣም፣ «ሁሉንም እንደገና» ብቻ ነው ያለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አሁን እያንዳንዱን አስነስቼ፣ ሥራ ጭኜበት፣ እስኪንገዳገድ እየጠበቅኩ ነው።

ለእማዬ አንቺ ንገሪልኝ። እኔ ድምፅዋን እየሰማሁ አልችልም። ተቀይማ አልበላም እንዳትል ብቻ።

ጩጬ


ኅዳር 24

ጩጬ፣

ነግሬያታለሁ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ከዚያ «ጥርም ወር ነው» አለች። በልታለች።

ዊልቸሩ ደርሷል። በእውነት ያምራል። ሁለት ሰዎች ሦስተኛ ፎቅ አድርሰውልኛል፤ እማዬን ይዞ የሚወርድ ግን የለም። ለጊዜው ልብስ እየተሰቀለበት ነው። እንዳትናደድ፣ ሊፍቱን ረስተኸው ነው።

የጠየቅከው ቅባት ሠርቷል። እኔ ደህና ነኝ። ትንሽ ቸኩያለሁ፣ ይቅርታ።

እትዬ


ታኅሣሥ 2

ጩጬ፣

እውነት ነው፣ ወድቄያለሁ። ማን እንደነገረህ አልጠይቅህም፤ ትራሷ ሥር ስልክ ያላት ሴት አንድ ናት። «ለእሱ እንዳትነግሪው» ብያት «እኔ ምን አገባኝ» ብላኝ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የወደቅኩት ፋርማሲ ውስጥ ነው፣ ወንበሩ አጠገብ። ደሜን መረመሩ፣ ልቤን አዩ፣ ምንም የለም። ሐኪሙ «በደንብ የተኛሽው መቼ ነው?» አለኝ። ቀኑን ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁትም። እሱም ብዕሩን አስቀመጠ። ባለቤቱ እረፍት ውጪ ብሎኛል። እረፍት ማለት እንግዲህ ቤት ውዬ እማዬን ማገላበጥ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም» ብለህ ተቆጥተሃል። ነግሬህ ነበር እኮ። ወገቤን አልኩህ። ሌሊት ትነቃለች አልኩህ፤ እሷ ስትነቃ ማን አብሯት የሚነቃ መሰለህ? የሰው የልብ መድኃኒት ለሳል ሰጠሁ ብልህ ለጓደኞችህ አወራኸው። እያሳቅኩ የነገርኩህ እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም፣ ይህን አውቃለሁ። ግን የምትልክልኝ ሁሉ እማዬ በላች ወይ፣ እማዬ ተኛች ወይ፣ የእማዬ እግር ነው። አንድ ቀን «አንቺስ?» ብለህ አታውቅም። ለአንድ ብረት ስንት ይበቃዋል እያልክ ወራት ትጨነቃለህ። እኔ ግን በየጠዋቱ ስለምነሳ ደህና እመስላችኋለሁ።

ደክሞኛል፣ ጩጬ። እማዬን እወዳታለሁ፣ እሷን አትውቀስብኝ። ግን ከሥራ ስመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ፣ የሰው በር ተደግፌ፣ ምነው እዚሁ በቀረሁ የምልበት ቀን አለ። ባለፈው «ውሃ» ብላ ጠራችኝ። ሰምቻለሁ። ብርጭቆ ይዤ ኩሽና ውስጥ ቆምኩና እንዳልሰማ ሆንኩ። ደግማ ጠራችኝ፣ አሁንም ዝም አልኩ። ሦስተኛ አልጠራችኝም። ያ ነው ያስለቀሰኝ። ውሃውን ስወስድላት «ተኝተሽ መስሎኝ» አለችኝ፣ እንዳልተኛሁ እያወቀች።

ሁለት ወር ያልኳትም አልፏል። «ሁለት ወሩ አለቀ አይደል?» ብላ አንድ ቀን ብቻ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ አታነሳውም።

አሁን «ልምጣ ወይ» ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ከጠየቅከኝ አትምጣ ነው የምልህ። ሥራህን አትተው እልሃለሁ፣ እኔ እይዛታለሁ እልሃለሁ፣ አንተም ታምነኛለህ። ልማዴ ነው፣ አልችልበትም። ስለዚህ አትጠይቀኝ።

እትዬ


ታኅሣሥ 4

እትዬ፣

አልጠየቅኩሽም። እሑድ ጠዋት እገባለሁ።

አለቃዬ ጋ ገብቼ «እህቴ ወድቃለች» አልኩት።

«የወደቀችው እናትህ አልነበረችም እንዴ?» አለ።

«እናቴማ ድሮ ነው የወደቀችው» አልኩት። የዳቦ ፋብሪካውን ሥራ አጠገቤ ለሚቀመጠው ልጅ አስረክቤ፣ የት የት እንደሚንገዳገድ አሳይቼዋለሁ። ስመለስ ወንበሬ ይጠብቀኝ እንደሆነ አለቃዬ አላውቅም አለ። እኔም አላውቅም። ሳስበው መጨነቅ ነበረብኝ፣ ግን የመጨነቂያ ጉልበቴን አንቺ ወስደሽዋል።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ስለ ራሴ የምለው መልካም ነገር አጥቻለሁ። ይቅርታ በጽሑፍ ቀላል ስለሆነ እዚህ አላስቀምጠውም።

መልስ አትጻፊ። እኔን ለመቀበል ብለሽ ደግሞ ቤት እንዳታጸጂ፣ አውቅሻለሁ።

ጩጬ


ታኅሣሥ 9፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ የተጻፈ

እትዬ፣

ስልክሽን ስላጠፋሁት በወረቀት ነው የምጽፍልሽ። ትዝ ካላለሽ፣ በሩን ከፍተሽልኝ፣ አቅፈሽኝ፣ «ጫማህን አውልቅ» ብለሽኝ፣ ሶፋው ላይ ቁጭ እንዳልሽ ተኛሽ። ዓረፍተ ነገር ጀምረሽ ነበር፣ አልጨረስሽውም። ቤቱን ግን አጽድተሻል።

እማዬን ስስማት ገና «መጣሁ» ልል አፌን ስከፍት «ዝም በል፣ ተኝታለች» አለችኝ በሹክሹክታ። እማዬ ማንሾካሾክ እንደምትችል በዚህ ዕድሜዬ ገና አሁን አወቅኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ «አገላብጠኝ» አለችኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር። በብብቷ ሥር ያዝኳት፣ አቃሰተች፣ ለቀቅኳት። በዳሌዋ በኩል ዞርኩ፣ «ልትሰብረኝ ነው» አለች። ልብሴ በላብ ራሰ። በመጨረሻ ፊት ለፊት ያሉትን ጎረቤት ጠርቼ ለሁለት አነሳናት፤ ሁለታችንም ግድግዳ ተደግፈን አለከለክን። እማዬ ታየን ነበር። «እሷ እኮ ብቻዋን ነው የምታነሳኝ» አለችና ወደ ሶፋው ዞራ አየችሽ። ከዚያ «ያችን ሴትዮ ጥራት» አለችኝ። የቷን ብዬ ስጠይቃት ተቆጣችኝ፣ ያው በሹክሹክታ። «እንዳታስደግመኝ። የባዳ እጅም እጅ ነው።» እንባዋን በትራሱ ጠረገችው። ደውያለሁ፣ ሴትዮዋ ነገ ትመጣለች።

ፋርማሲውም ጋ ደውዬ ገና ትቆያለች ብያለሁ። ካላስፈቀድኩሽ ይቅርታ፤ መጠየቁን ከልክለሽኛል። የመመለሻ ትኬት አልቆረጥኩም።

አሁን ከሰዓት ሆኗል፣ አንቺ እንደተኛሽ ነሽ። ብርድ ልብስ ስደርብብሽ «መጣሁ እማዬ» አልሽ፣ ዓይንሽን ሳትገልጪ። እሷም ሰምታሻለች፤ አልጠራሁሽም ብላ መለሰችልሽ።

ሾርባ ሠርቻለሁ፣ ጨው በዝቶበታል። ይህን ወረቀት ሶፋው ላይ አጠገብሽ ትቼው ኩሽና እሆናለሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ። ስትነቂ አትነሺ። ጥሪኝ።

ጩጬ